ባለ ±42 ቮልት አምፕሊፋየር፦ ሙቀቱን በምን ልቆጣጠረው? ስፒከሩንስ ከዲሲ በምን ልጠብቀው?

ሽቦ_ቀጣይ ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለ ሁለት ቻናል ክላስ ኤቢ አምፕሊፋየር (ሁለት ትራንዚስተሮች የሞገዱን የላይና የታች ግማሽ ተከፋፍለው የሚያጎሉበት) እየገጣጠምኩ ነው። ትራንስፎርመሩ 30-0-30 ቮልት፣ 500 ቪኤ ሲሆን ከድልድይ ዳዮዱ በኋላ ±42 ቮልት ይሰጣል። በእያንዳንዱ መስመር 10,000 ማይክሮፋራድ፣ 63 ቮልት ካፓሲተር አለ። በየቻናሉ አንድ ጥንድ የውጤት ትራንዚስተር፣ 2ኤስሲ5200 እና 2ኤስኤ1943፣ አስገብቻለሁ፤ የኤሚተር ሬዚስተሮቹ 0.22 ኦም ናቸው፣ ቢያሱን (ድምፅ ሳይገባም በውጤት ትራንዚስተሮቹ የሚያልፈውን ትንሽ ከረንት) የሚይዘው ቢዲ139 ትራንዚስተር ነው። ስፒከሮቹ 8 ኦም ናቸው፤ ለሰፊ አዳራሽ ግን በየቻናሉ ሁለት ሁለት ትይዩ ስለሚታሰሩ 4 ኦም ይሆናል። አንዴ አዲስ አበባ፣ አንዴ ድሬዳዋ ይሠራበታል።

ሂት ሲንኩ (ሙቀቱን ወደ አየር የሚያወጣው ባለ ክንፍ ብረት) ምን ያህል መሆን አለበት? ፋንስ የግድ ነው? ስፒከሩን ለመጠበቅ በየመስመሩ 5 አምፔር ፊውዝ ከገባ አይበቃም? ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ) ያለበት የጥበቃ ቦርድም ገበያ ላይ አለ፤ ትራንዚስተሩ ሾርት ቢያደርግ በእርግጥ ስፒከሩን ያድነዋል? ቁጥር ያለበት መልስ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።


ነጭ_ቅባት መለሰ፦

ወንድሜ፣ ስለ ሙቀቱ እኔ ልጀምር፤ ስለ ሪሌዩ ከእኔ የተሻሉ አሉ።

በቅድሚያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላንሳ። ክላስ ኤቢ በጣም የሚሞቀው ድምፁ ጣሪያ ሲነካ አይደለም። ትራንዚስተሩ ላይ የሚቀረው ሙቀት፣ እላዩ ላይ የቀረው ቮልቴጅ በውስጡ በሚያልፈው ከረንት ተባዝቶ ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ጊዜ ከረንቱ ትንሽ ነው። ጣሪያ ሲደርስ ደግሞ ቮልቴጁ ወደ ስፒከሩ ስለሚሄድ ትራንዚስተሩ ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። መሃል ላይ ግን ሁለቱም አሉ። ስለዚህ ከሙሉ ኃይሉ 40 በመቶ አካባቢ ላይ ሲሠራ ነው ክፉኛ የሚሞቀው።

የዚያን ነጥብ ሙቀት ለማግኘት የአንዱን መስመር ቮልቴጅ በራሱ አባዛው፣ በ2 አባዛው፣ ከዚያ ለ9.87 እና ለስፒከሩ ኦም አካፍለው። ላንተ 42 × 42 × 2 = 3528 ነው። በ8 ኦም 45 ዋት ገደማ፣ በ4 ኦም 89 ዋት ገደማ ይመጣል። ይህ በአንድ ቻናል ነው። ሙዚቃ እንደ ሳይን ሞገድ አንድ ቦታ ላይ ስለማይቆም ብዙ ባለሙያ የሚያሰላው ከሙሉ ኃይሉ አንድ ስምንተኛ ላይ ነው። እሱም ቢሆን አያሳርፍህም፦ በ8 ኦም 33 ዋት፣ በ4 ኦም 65 ዋት በአንድ ቻናል። ለሁለቱ ቻናል 66 እና 130 ዋት ያዝ።

አሁን ወደ ሂት ሲንኩ። ሂት ሲንኩ ከ70 ዲግሪ በላይ እንዳይሄድ እንፈልጋለን። አዲስ አበባ ላይ በክንፎቹ ዙሪያ ያለው አየር 35 ዲግሪ ቢሆን የሚፈቀደው ጭማሪ 35 ዲግሪ ነው። ድሬዳዋ ላይ አየሩ 45 ከሆነ የቀረህ 25 ዲግሪ ብቻ ነው። ይህን በዋቱ ስታካፍል፣ በ8 ኦም ለአዲስ አበባ 0.53፣ ለድሬዳዋ 0.38 ዲግሪ በዋት የሆነ ሂት ሲንክ ያስፈልግሃል። ትልቅ ነው፣ ግን ይገኛል። በ4 ኦም 0.27 እና 0.19 ይሆናል። 0.19ን ያለ ፋን በአንድ ተራ ሳጥን ውስጥ ማግኘት ስለማይታሰብ ለ4 ኦም ፋን የግድ ነው።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ነው ብለህ ደግሞ አትዘናጋ። ከተማው ከባህር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ያንሳል፤ ሙቀቱ እኩል ከሆነ አየሩም በዚያው ልክ የሳሳ ነው። ሂት ሲንክ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተለካ ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ህዳግ ጨምርበት።

በየቻናሉ አንድ ጥንድ ያልከው ለ8 ኦም ይበቃል፣ ለ4 ኦም ግን አልወደውም። 89 ዋቱ ለሁለት ሲከፈል በአንድ ትራንዚስተር 45 ዋት ነው። የ5200ው የውስጥ ቴርማል ሬዚስታንስ 0.83 ዲግሪ በዋት ነው፤ በደንብ የተቀባ ማይካ (ትራንዚስተሩን ከሂት ሲንኩ በኤሌክትሪክ የሚለይ ስስ ንጣፍ) 0.5 ገደማ ይጨምርበታል። 45 × 1.33 = 60 ዲግሪ። ሂት ሲንኩ 70 ላይ ሳለ የሲሊኮኑ ሙቀት 130 ደረሰ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ገደቡ ደግሞ 150 ነው። ሁለት ጥንድ ብታደርገው በነፍስ ወከፍ 22 ዋት ተኩል ይደርስና ሲሊኮኑ 100 ዲግሪ ላይ ያርፋል። የሁለት ትራንዚስተር ዋጋ ለዚህ አይበዛም።

አገጣጠሙ ከስሌቱ እኩል ዋጋ አለው። ቀዳዳውን ከበሳህ በኋላ ጠርዙ ላይ የምትነሳ ትንሽ የብረት እሾህ አለች። ከቀዳዳው የሚሰፋ የድሪል ጫፍ በእጅህ ይዘህ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙርባት፤ ካልሆነ ማይካውን ትወጋና ኮሌክተሩ ከሂት ሲንኩ ጋር ይገናኛል። ማይካውን ወደ ብርሃን አንሳና ስንጥቅ እንደሌለው እይ። ቅባቱን በሁለቱም ገጽ በስሱ አስተኛው፤ ከሥሩ ያለው ገጽ እየታየ መሆን አለበት። በወፍራሙ የተቀባ ፔስት ራሱ ሙቀት ያግዳል። ብሎኑ ኤም3 ሆኖ ከሥሩ የስፕሪንግ ዋሸር ይግባ። የ5200 ቀዳዳ በፕላስቲክ የተከበበ ስለሆነ ማገጃ ቡሽ አይፈልግም። ቲኦ-220 የሚባለው ቅርጽ ያላቸው ድራይቨሮች (የውጤት ትራንዚስተሮቹን የሚነዱት) ግን የፕላስቲክ ቡሽ ከሌላቸው በብሎኑ በኩል ሾርት ያደርጋሉ። መብራት ከመስጠትህ በፊት ከእያንዳንዱ ኮሌክተር ወደ ሂት ሲንኩ በሙልቲሜትር ለካ፤ ምንም ማሳየት የለበትም።

ሲሠራ ትራንዚስተሩ እየፋጀ ሂት ሲንኩ ለብ ብቻ ካለ፣ ጥፋቱ ከሁለቱ መካከል ነው፦ ብሎን ላልቷል፣ ቅባት የለም፣ ወይም ገጹ ጠማማ ነው። ትልቅ ሂት ሲንክ መግዛት ይህን አይፈታውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ገበያው በሐሰተኛ 5200 ተሞልቷል። ዋጋው ካጠራጠረህ አንዱን መስዋዕት አድርገህ በጉጠት ስበረው። ውስጡ ያለው ቺፕ የምስር ክክ የሚያህል ከሆነ 150 ዋት የሚሸከም አይደለም፤ የቀሩትንም አታስገባቸው።


ትሪመር_ዘዋሪ መለሰ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ሂት ሲንኩ የቱንም ያህል ቢሰፋ ግን ቢያሱ ካልተያዘ ትራንዚስተሩ ይሄዳል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ትራንዚስተር በሞቀ ቁጥር የቤዝ-ኤሚተር ቮልቴጁ በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። ቢያሱ ባለበት ከቀረ ከረንቱ ይጨምራል፣ ከረንቱ ሲጨምር የባሰ ይሞቃል፣ እንዲህ እያለ ራሱን ያቃጥላል። ይህን የሚቆርጠው ቢዲ139 ነው። ስለዚህ ሙቀቱን በእርግጥ የሚያይበት ቦታ መቀመጥ አለበት። ቦርድ ላይ ቆሞ አየር የሚያይ ቢዲ139 ከሌለ አይሻልም። ሂት ሲንኩ ላይ በሁለቱ ትራንዚስተሮች መካከል እሰረው። ከዚያም የሚሻለው በ5200ው የፕላስቲክ ጀርባ ላይ፣ በዚያው ብሎን ደርበህ ማሰር ነው፤ ሂት ሲንኩ እስኪሞቅ ሳይጠብቅ ቶሎ ያውቃል።

ቢያሱ የሚስተካከልበትን የትሪመሩንም (እየዞረ ኦሙ የሚለወጥ ሬዚስተር) ቦታ ተመልከት። ትሪመር ሲያረጅ መሃል እግሩ ይለቃል። ትሪመሩ በቢዲ139 ቤዝና ኤሚተር መካከል ከሆነ ሲለቅ ቢያሱ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፤ ድምፁ ትንሽ ይበላሻል እንጂ ምንም አይቃጠልም። በኮሌክተርና በቤዝ መካከል ከሆነ ግን ሲለቅ ቢያሱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ የውጤት ትራንዚስተሮቹም አብረው ይሄዳሉ። አንዳንድ ርካሽ ቦርድ እንደዚህ የተሳሳተ ነው። ከመግጠምህ በፊት መስመሩን ተከተል።

አከፋፈቱ እንዲህ ይሁን። ስፒከር አትሰር፣ ግብዓቱን ከግራውንድ ጋር አገናኘው፣ ትሪመሩን ወደ ዝቅተኛው ቢያስ አዙረው። ከ220ው ጋር በተከታታይ ባለ 100 ዋት የድሮውን ባለ ክር አምፖል አስገባ፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ስትከፍተው አምፖሉ ብልጭ ብሎ መደብዘዝ አለበት። ደምቆ ከቀረ ሾርት ስላለ አጥፋና ፈልግ። ከደበዘዘ ውጤቱ ላይ ዲሲ ለካ፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ አምፖሉን አውጣና በአንዱ 0.22 ኦም ሬዚስተር ጫፍና ጫፍ ለካ። በመጀመሪያ 10 ሚሊቮልት አድርገው፣ 20 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ሚሊቮልት መካከል አስተካክለው። 15 ሚሊቮልት ማለት 68 ሚሊአምፔር ነው፤ በ84 ቮልት ስታባዛው በአንድ ጥንድ 6 ዋት የማይሞላ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም። ቁጥሩ በየደቂቃው እየወጣ አልቆም ካለህ ቢዲ139ኙ ሙቀቱን አላገኘም ማለት ነው።

አምፖሉ እንዳለ ቢያስ አታስተካክል። መስመሩ በአምፖሉ ምክንያት ስለሚወርድ ስታወጣው ቁጥሩ ይዘላል።

ሌላም የሙቀት ምክንያት አለ፤ ብዙ ጊዜ የማይጠረጠር። ምንም ድምፅ ሳይገባ ሂት ሲንኩ የሚፋጅ ከሆነ፣ ቢያሱም ልክ ከሆነ፣ አምፕሊፋየሩ ከጆሮ በላይ በሆነ ፍሪኩዌንሲ እየተርገበገበ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ላይ ያለውን የ10 ኦም እና የ0.1 ማይክሮፋራድ ጥንድ እይ። ሬዚስተሩ ከጠቆረ ምስክር ነው፤ በጤናው ጊዜ ሊሞቅ አይገባውም። የግብዓት ሽቦውን በእጅህ ስትነካ የቢያሱ ቁጥር ከተለዋወጠም ያው ነው። የግብዓትና የውጤት ሽቦ አብረው ታስረው ከሆነ ለያቸው፤ ግራውንዱን ሁሉ ከሁለቱ ካፓሲተሮች መገናኛ አንድ ነጥብ ላይ ሰብስበው።


ሪሌይና_ፊውዝ መለሰ፦

ፊውዙ ስፒከሩን አያድነውም። ቁጥሩን እንየው።

አንድ 5200 ሾርት ሲያደርግ 42 ቮልት ዲሲ በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ይወርዳል። 8 ኦም የተባለ ስፒከር ጥቅልል ሽቦው በሙልቲሜትር ሲለካ 6 ኦም ገደማ ነው። 42 ÷ 6 = 7 አምፔር፣ በዋት 294። ኮኑ አንድ ጎን ተገፍቶ ስለሚቆም አየር አያንቀሳቅስም፣ ጥቅልሉም አይቀዘቅዝም። በሰከንዶች ውስጥ ቫርኒሹ ይነዳል።

አሁን 5 አምፔር ፊውዝ 7 አምፔር ሲያልፍበት ምን ያደርጋል? 7 አምፔር የፊውዙ መጠን 1.4 እጥፍ ነው። ትናንሽ የመስታወት ፊውዞች በሚመሩበት አይኢሲ 60127 ስታንዳርድ ፈጣን የሚባለው ፊውዝ እንኳ 1.5 እጥፍ ሲያልፍበት ቢያንስ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት፤ 2.1 እጥፍ ሲያልፍበት ለመቆረጥ እስከ 30 ደቂቃ ሊወስድ ይፈቀድለታል። ስፒከሩ ያን ጊዜ አመድ ሆኗል። ፊውዙን አስገባ፣ ግን ለትራንስፎርመሩና ለሽቦው ብለህ።

ስለዚህ ዲሲን የሚያውቅ ሪሌይ ያስፈልጋል። ያየኸው ቦርድ ዩፒሲ1237 ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም በሁለት ሦስት ትራንዚስተር የተሠራ። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። ከእያንዳንዱ ቻናል ውጤት አንዳንድ 56 ኪሎኦም ሬዚስተር መጥቶ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል፤ ከዚያ ነጥብ ወደ ግራውንድ ፖላሪቲ የሌለው ካፓሲተር አለ። ድምፅ ኤሲ ስለሆነ በካፓሲተሩ ይዋጣል፤ ዲሲ ሲመጣ ግን ይከማችና የትራንዚስተሩን 0.6 ቮልት ሲያልፍ ሪሌዩን ይጥላል።

የካፓሲተሩ መጠን ላይ ብዙ ቦርድ ይበላሻል። 47 ማይክሮፋራድ ከሆነ 42 ቮልት ዲሲ ሲመጣ በ40 ሚሊሰከንድ ገደማ ያውቃል፣ ጥሩ ነው። ቶሎ እንዲያውቅ ብለህ 10 ማይክሮፋራድ ብታደርገው 20 ኸርዝ ባስ ራሱ 1 ቮልት ያህል ያሳልፍና ከበሮው በመታ ቁጥር ሪሌዩ ይወድቃል። ፖላሪቲ የሌለው ካላገኘህ ሁለት 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮችን ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አገናኝ፤ 50 ይሆንልሃል።

አንድ የንድፉ ጉድለት ልንገርህ። ሁለቱ ቻናሎች አንድ ነጥብ ላይ ስለሚደመሩ፣ በአንዱ +42 በሌላው −42 ቢመጣ ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ፣ ሪሌዩም ዝም ይላል። የሚያጋጥመው በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ ግን ስፒከሮቹ ውድ ከሆኑ ለየቻናሉ የራሱ ቦርድ ይኑረው።

ዋናው ነገር ግን ሪሌዩ ራሱ ነው። ጀርባውን አንብበው፦ 10 አምፔር 250 ቮልት ኤሲ፣ ከሥሩ ደግሞ 10 አምፔር 30 ቮልት ዲሲ ይላል። ኤሲ በየግማሽ ዑደቱ ዜሮ ስለሚደርስ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ የለውም። 42 ቮልት በ7 አምፔር ሲቆረጥ በኮንታክቶቹ መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ብልጭታው እንደ ብየዳ ይቀጥላል። ሪሌዩ ቀጭ ብሎ ተከፍቷል፣ ስፒከሩ ግን በብልጭታው በኩል አሁንም ዲሲ እየጠጣ ነው። ብዙ ሰው ጥበቃ ቦርድ ኖሮኝ ስፒከሬ ለምን ተቃጠለ የሚለው በዚህ ነው።

መፍትሔው አንዲት ሽቦ ናት። ሪሌዩ ሦስት እግር ያለው ይሁን። መሃለኛው የሚንቀሳቀሰው ኮንታክት ወደ ስፒከሩ፣ ሲሳብ የሚነካው ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ሲወድቅ የሚነካው ወደ ግራውንድ ይታሰር። ሪሌዩ ሲወድቅ ስፒከሩ ሁለቱም ጫፉ ግራውንድ ላይ ያርፋል፤ ብልጭታው ከቀጠለም ከአምፕሊፋየሩ በቀጥታ ወደ ግራውንድ ይሄዳል እንጂ በስፒከሩ አያልፍም። ያኔ ከረንቱ በብዙ እጥፍ ስለሚያድግ ፊውዙ ወዲያው ይበጠሳል። ፊውዙ ሥራውን የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቦርድ ሦስተኛውን እግር ባዶ ይተወዋል፤ ከሥሩ ሽቦ በይድለት።

በሪሌዩ ጥቅልል ላይ የተገለበጠ ዳዮድ አለ፤ ሾፌር ትራንዚስተሩን ይጠብቃል፣ ግን ሪሌዩ እንዲዘገይም ያደርጋል። ከዳዮዱ ጋር በተከታታይ 24 ቮልት ዜነር ብታስገባ አወዳደቁ በጣም ይፈጥናል።

ባለ 24 ቮልት ጥቅልል ብዙውን ጊዜ 1,100 ኦም ገደማ ስለሆነ 22 ሚሊአምፔር ይበላል። ከ42ቱ ለማውረድ 820 ኦም፣ 1 ዋት በተከታታይ ይበቃል። ይህን ኃይል ግን ከ10,000 ማይክሮፋራዱ አትውሰድ፤ አምፕሊፋየሩን ስታጠፋ ሪሌዩ ለሰከንዶች ተስቦ ይቆይና የመዘጊያው ዱብታ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። ከትራንስፎርመሩ በራሱ ዳዮድ፣ በራሱ 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አውጣው፤ መብራት እንደጠፋ በአጭር ጊዜ ይለቃል። መክፈቻው ላይ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ እንዲዘገይ አድርገው።

ለመፈተሽ ቦርዱን ከአምፕሊፋየሩ ለይ፣ ስፒከር አትሰር፣ 9 ቮልት ባትሪ በግብዓቱ ንካበት። በግማሽ ሰከንድ ውስጥ መውደቅ አለበት። ባትሪውን ገልብጠህ ድገመው፤ በአንዱ ፖላሪቲ ብቻ የሚሠራ ቦርድ ብዙ አለ።


ሽቦ_ቀጣይ ጻፈ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስተኛዋ እግር ባዶ መሆኗን አሁን አየሁ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። በዲሲ ጥበቃ ያለው አምፕሊፋየር ላይ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ብቻ የሚቃጠለው ለምንድን ነው? ፋኑንና የሙቀት መቁረጫውንስ የት ላይ ላድርግ? መቁረጫውን 220ው ላይ ለማሰር አስቤ ነበር።


የአዳራሽ_ድምፅ መለሰ፦

የትዊተሩን እኔ ልመልስ። ትዊተር በዲሲ አይቃጠልም፤ ከፊቱ የክሮስኦቨር (ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ የሚለይ) ካፓሲተር አለ። ስለዚህ ሬሳውን አይተህ ገዳዩን ታውቃለህ፦ ዎፈሩ (የባሱ ስፒከር) ኮኑ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተገፍቶ ከደረቀና የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተ ዲሲ ነው። ዎፈሩ ደህና ሆኖ ትዊተሩ ብቻ ከሞተ ክሊፒንግ ነው፣ ወይም ትሪመር_ዘዋሪ ያነሳው እርግብግቢት።

ክሊፒንግ ማለት አምፕሊፋየሩ ቮልቴጁ አልቆበት የሞገዱ ጫፍ ሲቆረጥ ነው። ያንተ በ8 ኦም 85 ዋት ገደማ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ስትከፍተው ባሱ ጣሪያ ስለነካ አይጨምርም፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን ገና ቦታ ስላለው ከፍ እያለ ይሄዳል፣ የተቆረጠው ጫፍ የሚፈጥረው ሻካራ ድምፅም ይጨመርበታል። ሁለቱም የሚያርፉት ትዊተሩ ላይ ነው። ባለ 100 ዋት የሚባል ሳጥን ውስጥ ያለ ትዊተር ግን ያለማቋረጥ የሚችለው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ትንሽ አምፕሊፋየር ትልቅ ስፒከር አያቃጥልም የሚለው አባባል በዚህ ምክንያት ትክክል አይደለም።

መከላከያው ከሚክሰሩ ይጀምራል። የሚክሰሩ ቀይ መብራት ሳይበራ አምፕሊፋየሩ ጣሪያ እንዳይደርስ የግብዓቱን መጠን ወስን፤ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ የሚይዝ መሣሪያ) ካለህ ከክሊፒንጉ 2 ወይም 3 ዲሲቤል ቀደም ብሎ እንዲይዝ አድርገው። በሳጥኑ ውስጥ ከትዊተሩ ጋር በተከታታይ የመኪና አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት፣ ማስገባት ይቻላል። ቀዝቃዛ ሳለ ግማሽ ኦም አካባቢ ስለሆነ አይሰማም፤ ሲነድ ወደ 7 ኦም ይወጣና የትዊተሩን ድርሻ ይቀንሳል። በሳጥኑ ቀዳዳ ብርሃን ካየህ ድምፁን ዝቅ አድርግ።


ነጭ_ቅባት መለሰ፦

መቁረጫውን 220ው ላይ አትሰረው። ሲቆርጥ ፋኑም አብሮ ይቆማል፤ ከዚያ ሂት ሲንኩ ለረጅም ጊዜ ሳይበርድ ይቆያል። የሪሌዩ ጥቅልል ላይ እሰረው። ኬኤስዲ301 የሚባለው ክብ የቢሜታል ማብሪያ በየዲግሪው ይሸጣል፤ 85 ዲግሪ ላይ የሚከፈተውን ከጥቅልሉ ጋር በተከታታይ አስገባ። ሙቀቱ ሲደርስ ስፒከሩ ይለያል፣ ጭነቱ ይወርዳል፣ ፋኑ ግን መንፋቱን ይቀጥላል፤ ሲበርድ ድምፁ ራሱ ይመለሳል። 50 ዲግሪ ላይ የሚዘጋውን ሌላ ኬኤስዲ301 ለፋኑ አድርግ። ስትገዛ ጠይቅ፤ ሲሞቅ የሚዘጋና ሲሞቅ የሚከፈት በመልክ አይለዩም። በፈላ ውሃና በሙልቲሜትር መሞከር ትችላለህ፣ የ85ቱን ግን አዲስ አበባ ላይ ተጠንቅቀህ፤ ውሃው 92 ገደማ ላይ ስለሚፈላ ህዳጉ ጠባብ ነው።

ሁለቱንም ከፋኑ በራቀው ጫፍ፣ ከመጨረሻው ትራንዚስተር አጠገብ እሰራቸው። አየሩ እዚያ ሲደርስ ሞቆ ነው የሚደርሰው፤ ፋኑ ሥር ያስቀመጥከው መቁረጫ ቀዝቃዛ ነገር ብቻ ያያል።

የፋኑ መጠን፦ 130 ዋት ለማውጣት፣ አየሩ በ10 ዲግሪ ብቻ ሞቆ እንዲወጣ ከፈለግህ፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ በሰዓት 39 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ አዲስ አበባ ላይ 52 ያስፈልጋል። 80 ሚሊሜትር ፋን በወረቀት ላይ ይህን ይሰጣል፤ በክንፎችና በወንፊት መካከል ሲያልፍ ግን ግማሹ ይቀራል። ስለዚህ አንድ 120 ሚሊሜትር ወይም ሁለት 80 አድርግ። አየሩ በክንፎቹ ርዝመት ይሂድ፣ በክንፎቹ አናት ላይ እንዳያመልጥ ቆርቆሮ ክደንበት።


ሪሌይና_ፊውዝ መለሰ፦

በፋኑ አቅጣጫ ላይ አንድ ነገር። ከውጭ ወደ ውስጥ እንዲነፋ አድርግና ከፊቱ ስስ ስፖንጅ አድርግለት። ወደ ውጭ የሚስብ ፋን በሳጥኑ ስንጥቅ ሁሉ አቧራ ያስገባል፤ ወደ ውስጥ የሚነፋ ግን አየሩን የሚወስደው በስፖንጁ ብቻ ነው። በበጋ ድንኳን ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ስፖንጁን በየሁለት ሳምንቱ እጠበው፤ የደፈነ ስፖንጅ ከሌለ ፋን ብዙም አይሻልም።


ትሪመር_ዘዋሪ መለሰ፦

ስፒከር ከማሰርህ በፊት በሰው ሠራሽ ጭነት ሞክረው። ውድ ሬዚስተር መግዛት የለብህም። ለኤሌክትሪክ ስቶቭ የሚሸጠውን ጥቅልል ሽቦ ግዛና በሙልቲሜትር እየለካህ 8 ኦም ላይ ቁረጠው፤ የሙልቲሜትሩ ገመዶች ራሳቸው ያላቸውን ኦም፣ ጫፋቸውን አገናኝተህ ለክተህ፣ ቀንስ። ያ ሽቦ ቆርቆሮ አይቀበልም፣ ስለዚህ አትበይደው፤ በብሎንና በዋሸር እሰረው። ሸክላ ላይ ወይም ጡብ ላይ ዘርጋው። 1,000 ኸርዝ አስገባ፣ ውጤቱ ላይ 16 ቮልት ኤሲ እስኪሆን ክፈት፤ ይህ በ8 ኦም 32 ዋት ነው፣ ሙቀቱ ከሚከፋበት ነጥብ አጠገብ። 30 ደቂቃ አቆየውና ሂት ሲንኩን በሙቀት መለኪያ እየው። 70 ካላለፈ ለ4 ኦሙ ሌላ ባለ 8 ኦም ሽቦ ቆርጠህ ሁለቱን ትይዩ አድርገህ ድገመው፤ ያኔ ፋኑ ራሱ መነሳት አለበት።


ሽቦ_ቀጣይ ጻፈ፦

ተቀብያለሁ። በየቻናሉ ሁለት ጥንድ አድርጌ፣ የሪሌዩን ሦስተኛ እግር ወደ ግራውንድ በይጄ፣ 85ቱን ጥቅልሉ ላይ አስራለሁ። የ16 ቮልቱን ሙከራ ውጤት እዚሁ እጽፈዋለሁ።